አንድ ጊዜ ብቻ፦ የዳቦ እርሾ ስለ ሕዋሳችን ያስተማረን



ባለፈው ረመዷን በጀመዓው ኢፍጣር ላይ የሆነውን የምታስታውሱት ታስታውሳላችሁ። ኩፖን የምናድለው እዚያው በሩ ላይ ነበር። የበሉት ይወጣሉ፣ ውጭ ያሉት ኩፖን እየተቀበሉ ይገባሉ። ማን በልቶ እንደወጣ፣ ማን ገና እንዳልበላ የሚለይ አንድም ነገር አልነበረም። ሁለት ጊዜ የተሰለፈ ነበር (ሳምቡሳው ጥሩ ስለነበር አንፈርድም)፤ ከዐስር ጀምሮ ሲያስተባብሩ የዋሉ እህቶች ግን በቴምርና በውኃ ብቻ አፈጠሩ። ጥፋቱ የእኛ የአስተባባሪዎቹ ነበር።

በማግስቱ ነገሩን ቀየርነው። ኩፖን የሚታደለው እስከ ዐስር ሰላት ብቻ ሆነ። በሩ የሚከፈተው መግሪብ ሲደርስ ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ አንድም ኩፖን አይታደልም፤ የገባ ሰው ኩፖኑ በሩ ላይ ይቀደዳል። በቃ፣ ችግሩ ጠፋ። ያኔ ነው አንዲት የባዮሎጂ እህታችን እየሳቀች «ይሄኮ ለሴሚናር ያነበብኩት ነው፤ ሕዋስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው» ያለችን። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሳነው ከዚያ ነው። የባዮሎጂ ተማሪ ያልሆናችሁም አንብቡት፤ የሚጠይቀው የ10ኛ ክፍል ትምህርት ብቻ ነው።

አንድ ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን መቅዳት አለበት። በሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ተዘርግቶ ቢለካ ሁለት ሜትር ያህል ነው፤ ከእናትና ከአባት የመጣው ተደምሮ ወደ 6 ቢሊዮን «ፊደላት» ይይዛል። በ46 ክሮሞዞሞች ላይ ተከፋፍሏል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ፣ አንዱም ክፍል ሳይዘለል፣ አንዱም ክፍል ሁለት ጊዜ ሳይቀዳ መጠናቀቅ አለበት።

ቀላል ይመስላል፤ ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ እስከ ሌላው መቅዳት ነው። ግን ሂሳቡን እንሥራው። ትልቁ የሰው ክሮሞዞም ወደ 249 ሚሊዮን ፊደላት አሉት። የመቅጃው መሣሪያ በደቂቃ 2,000 ያህል ይሄዳል። መሃሉ ላይ አንድ መነሻ ቢኖረውና በሁለቱም አቅጣጫ ቢሮጥ በደቂቃ 4,000 ነው። 249 ሚሊዮንን ለ4,000 ስናካፍል 62,000 ደቂቃ፣ ማለትም 43 ቀን ይሆናል። ሕዋሶቻችን ግን ይህን ሥራ በ8 ሰዓት ገደማ ይጨርሱታል። የሚችሉትም ከአንድ ቦታ ሳይሆን በአስር ሺዎች ከሚቆጠሩ መነሻ ቦታዎች በመጀመር ነው።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚመጣው። መነሻው አንድ ቢሆን ኖሮ መቆጣጠሩ ቀላል ነበር። በአስር ሺዎች ሲሆን ግን፣ የተቀዳው መነሻ እንደገና እንዳይጀምር ማን ይነግረዋል? ያልተጀመረውስ እንዳይረሳ? በአንድ ትልቅ ኪታብ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች ቅጠል ቅጠሉን ተከፋፍለው ሲገለብጡ አስቡት። አንዱ ቅጠል ቢዘለል ኪታቡ ጎደሎ ነው፤ አንዱ ሁለት ጊዜ ቢገለበጥ ተበላሸ። በሕዋስ ውስጥ የተዘለለ ቦታ ሕዋሱ ሲከፈል ክሮሞዞሙን ይበጥሰዋል፤ ሁለት ጊዜ የተቀዳ ቦታ ደግሞ ጂኖችን ያባዛል። ሁለቱም በካንሰር ሕዋሳት ውስጥ በብዛት የሚታዩ ጉዳቶች ናቸው።

ሕዋስ ይህን እንደሚያውቅ መጀመሪያ በግልጽ ካሳዩት ሙከራዎች አንዱ በ1970 የወጣው የፖቱ ራኦና የሮበርት ጆንሰን ሥራ ነው። ሁለት የሰው ሕዋሳትን አንድ ላይ አዋሃዱ። አንዱ ዲኤንኤውን እየቀዳ ያለ፣ ሌላው ገና ያልጀመረ ሲሆን ያልጀመረው ቶሎ ጀመረ። አንዱ እየቀዳ ያለ፣ ሌላው ግን ቀድቶ የጨረሰ ሲሆን የጨረሰው ንቅንቅ አላለም። አንድ ቤት ውስጥ ሆነው፣ አንድ ዓይነት «ጀምሩ» የሚል ምልክት እየደረሳቸው፣ የበላው «በልቻለሁ» አለ ማለት ነው። በ1988 ጁሊያን ብሎውና ሮን ላስኪ በእንቁራሪት እንቁላል ላይ ሠርተው ዲኤንኤው ለመቀዳት አስቀድሞ «ፈቃድ» መቀበል እንዳለበት፣ ፈቃዱም ሲቀዳ እንደሚያልቅበት ሐሳብ አቀረቡ። ፈቃዱ ግን ምንድን ነው? ማን ይሰጠዋል? ይህን ቁልጭ አድርጎ የመለሰው በአብዛኛው የሰው ሕዋስ አይደለም፤ የዳቦ እርሾ ነው።

ለምን እርሾ? አንድ የሌላ ትምህርት ክፍል ወንድማችን «አራት ዓመት ተምራችሁ ሊጥ ታጠናላችሁ?» ብሎናል፤ ጥያቄው ይገባዋል። እርሾ ባክቴሪያ አይደለም። እንደ እኛ ሕዋስ ኒውክለስ አለው፣ ዲኤንኤው በክሮሞዞሞች ተደራጅቷል፤ ቁጥራቸው 16 ነው። ሙሉ ዲኤንኤው ግን 12 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ፣ ጂኖቹም ወደ 6,000 ናቸው። ኒውክለስ ካላቸው ፍጥረታት ሁሉ መጀመሪያ ሙሉ ዲኤንኤው የተነበበው የእርሱ ነው፤ በ1996። ስኳርና ሙቀት ካገኘ በ90 ደቂቃ ይከፈላል። ዙህር ሰግዳችሁ ሥራ ብታስጀምሩት ዐስር እስኪደርስ አንዱ አራት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ዋጋውም የአንድ ፓኬት እርሾ ዋጋ ነው። እንደኛ ላለ፣ ውድ መሣሪያ ለማይገባበት ላብራቶሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላም መልካም ጠባይ አለው። የዳቦ እርሾ የሚራባው እምቡጥ በማውጣት ነው፤ ከእናቲቱ ሕዋስ ጎን ትንሽ ጉብታ ትወጣና እያደገች ትሄዳለች። እምቡጧ የምትወጣው ዲኤንኤው መቀዳት በሚጀምርበት ጊዜ አካባቢ ነው። ስለዚህ በማይክሮስኮፕ አይቶ የእምቡጧን መጠን በመለካት ብቻ ሕዋሱ የት ደረጃ ላይ እንደደረሰ ማወቅ ይቻላል። ሰዓቱን ፊቱ ላይ የተሸከመ ፍጥረት ነው።

ይህን ጠባይ ለሥራ ያዋለው አሜሪካዊው ሊላንድ ሃርትዌል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በሲያትል፣ በ23 ዲግሪ ሴልሺየስ ደህና የሚያድጉ፣ በ36 ዲግሪ ግን የሚቆሙ የእርሾ ዝርያዎችን ይፈልግ ነበር። ብልሃቱ ይህ ነው፦ አንድ ጂን ሙሉ በሙሉ ቢበላሽ ሕዋሱ ይሞትና የምታጠናው ነገር የለህም። በሙቀት ብቻ የሚበላሽ ከሆነ ግን በቀዝቃዛው ታሳድገዋለህ፣ ስትፈልግ ታሞቀውና ምን እንደጎደለው ታያለህ። ብዙዎቹ ዝርያዎች ሲሞቁ እንዲሁ ባሉበት ይቆማሉ፤ አንዱ እምቡጥ ያለው፣ ሌላው የሌለው። ጥቂቶቹ ግን ሁሉም በአንድ ቅርጽ ላይ ይቆማሉ። አንዱ ዝርያ ሁሉም ትልቅ እምቡጥ ይዞ፣ ሌላው ሁሉም ያለ እምቡጥ። አንድ ደረጃ ላይ በር እንደተዘጋባቸው ነው። በማይክሮስኮፕ ተከታታይ ፎቶ የማንሳቱን ሥራ አብሮት የሠራው ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚማር ወጣት ነበር፤ ይህን ለእናንተ ሳንጠቅስ ማለፍ አልፈለግንም።

ሃርትዌል በዚህ መንገድ የሕዋስን ዑደት የሚመሩ ብዙ ጂኖችን ለየ። «ሲዲሲ» የሚል ስም ከነቁጥራቸው ሰጣቸው። ከእነዚያ ሁሉ ሲዲሲ-28 የተባለው ሲበላሽ ሕዋሱ ገና ከመነሻው፣ እምቡጥ ሳያወጣ ይቆማል።

በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ፖል ነርስ በኤዲንብራ በሌላ እርሾ ላይ ይሠራ ነበር። ይህኛው እምቡጥ አያወጣም፤ እንደ ዱላ ረዝሞ መሃሉ ላይ ይከፈላል። መጀመሪያ የተገኘው ከምሥራቅ አፍሪካ ጠላ መሰል መጠጥ ነው፤ የሳይንስ ስሙ «ፖምቤ» የመጣውም በስዋሂሊ ቢራ ከማለት ነው። (ስሙን ለባለቤቶቹ ትተን እውቀቱን እንውሰድ።) ነርስ ያገኘው ዋና ጂን ሲዲሲ-2 ይባላል። በኋላ ሲዲሲ-28 እና ሲዲሲ-2 አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ መሆናቸው ታወቀ፤ የአንዱ እርሾ ጂን በሌላው ውስጥ ገብቶ ይሠራል።

ከዚያ በ1987 ከሁሉም የሚያስደንቀው መጣ። ሜላኒ ሊ እና ነርስ ሲዲሲ-2 የተበላሸበትን እርሾ ወሰዱ፤ የሰው ጂኖችን ቆራርጠው ውስጡ ከተቱ። አብዛኛው እርሾ ሞተ። አንዱ የሰው ጂን የደረሰው ግን አደገ፣ ተከፈለም። የሰው ልጅ ጂን የእርሾን ጉድለት ሞላ ማለት ነው። ሱብሃነላህ። «ሊጥ ታጠናላችሁ» ላለን ወንድም ያለን መልስ ይህ ነው፤ በእርሾ ውስጥ ያለው መዘውር በእርሱም ሕዋስ ውስጥ ያው መዘውር ነው።

ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ሲዲኬ ይባላል። ብቻውን አይሠራም፤ ሳይክሊን ከሚባል ሌላ ፕሮቲን ጋር መጣመር አለበት። ሳይክሊንን ቲም ሃንት በ1982 በባሕር ውስጥ በሚኖር እሾኻማ ፍጥረት እንቁላል ውስጥ አገኘው፤ እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ ሕዋሱ ሲከፈል ድንገት ይጠፋል፣ እንደገና ይጠራቀማል። ሃርትዌል፣ ነርስና ሃንት በ2001 የኖቤል ሽልማትን በጋራ ወሰዱ።

አሁን ወደ ኩፖኑ እንመለስ።

በእርሾ ዲኤንኤ ላይ መቅዳት የሚጀመርባቸው መነሻ ቦታዎች ወደ 400 ገደማ ናቸው። በ1992 ስቲቨን ቤልና ብሩስ ስቲልማን እነዚህን ቦታዎች ለይቶ የሚይዝ፣ ስድስት ፕሮቲኖች ተጣምረው የሚሠሩትን ኦአርሲ የተባለ ነገር አገኙ። ኦአርሲን ጠረጴዛ አድርጋችሁ ውሰዱት። ሲዲኬ በሚተኛበት፣ ሳይክሊን በሌለበት ጊዜ፣ ማለትም ሕዋሱ ከተከፈለ በኋላ ባለው ጊዜ፣ ሲዲሲ-6 እና ሲዲቲ-1 የተባሉ ሁለት ረዳቶች ወደ ጠረጴዛው ይመጣሉ። ሦስቱ ተባብረው ኤምሲኤም የተባለውን ቀለበት በዲኤንኤው ዙሪያ ያስገቡታል፤ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ፊት ለፊት ተያይተው። ቀለበቱ ኩፖኑ ነው። ገና አይሠራም፤ ዲኤንኤውን አቅፎ ይተኛል። ይህ ከዐስር በፊት ያለው ጊዜ ነው፤ ኩፖን ይታደላል፣ በሩ ግን ዝግ ነው።

ከዚያ ሳይክሊን ይጠራቀማል፤ ሲዲኬ ይነሳል። ዲዲኬ ከሚባል ጓደኛው ጋር ሆኖ በፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፤ ይህም «ሥራ ጀምር» የሚል ማኅተም ነው። ዲዲኬ ማኅተሙን ቀለበቱ ላይ ያደርጋል፤ ሲዲኬ ደግሞ ኤስኤልዲ-2 እና ኤስኤልዲ-3 በተባሉ ሁለት አስተባባሪዎች ላይ። ሌሎች ክፍሎች ይሰካሉ፣ ቀለበቱ ሞተር ይሆናል፣ ሁለቱ ቀለበቶች ተለያይተው በተቃራኒ አቅጣጫ ዲኤንኤውን እየከፈቱ ይሄዳሉ፤ ቀጂዎቹ ይከተላሉ። ቀለበቱ መነሻውን ትቶ ስለሄደ መነሻው ባዶ ነው። ኩፖኑ ተቀደደ። ያልነቃ መነሻ ካለም፣ ከጎረቤት የመጣው ሞተር ሲያልፍበት ቀለበቱን ጠርጎት ያልፋል፤ ቦታው ስለተቀዳ ኩፖን አያስፈልገውም።

ግን ባዶው መነሻ ላይ አዲስ ቀለበት ቢገባስ? የዚህን ሁሉ ነገር ውበት የምናየው እዚህ ላይ ነው። ያው በሩን የከፈተው ሲዲኬ ራሱ ጠረጴዛውን ያነሳል። በኦአርሲ ላይ ማኅተም አድርጎ ሥራ ያስፈታዋል፤ ሲዲሲ-6ን እንዲጠፋ ያደርገዋል፤ ያልገቡትን ቀለበቶች ከኒውክለሱ ወደ ውጭ ያስወጣቸዋል። በር መክፈትና ኩፖን ማቆም ሁለት የተለያዩ ሰዎች ቢሠሩት አንዱ ይዘገይ ነበር። እኛ የመጀመሪያው ቀን የተሳሳትነው በዚህ ነው። ሕዋስ ግን ሁለቱን በአንድ እጅ አሠራቸው፤ በሩ ክፍት ከሆነ ጠረጴዛው የለም፣ ጠረጴዛው ካለ በሩ ዝግ ነው። ሲዲኬ የሚተኛው ሕዋሱ ተከፍሎ ሲያበቃ ሳይክሊኑ ሲጠፋ ነው፤ ያኔ አዲሶቹ ሁለት ሕዋሳት እንደገና ኩፖን ያድላሉ።

ይህ ወረቀት ላይ የተሳለ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2001 የጆአኪም ሊ ቡድን በሳን ፍራንሲስኮ ሦስቱን መቆለፊያዎች አንድ በአንድ ሰበሩ። አንዱን ብቻ ሲሰብሩ እርሾው ዲኤንኤውን ደግሞ አልቀዳም። ሁለቱንም ሲሰብሩ ያው ነው። ሦስቱን በአንድ ላይ ሲሰብሩ ግን አንዴ የተቀዳው ዲኤንኤ ሳይከፈል እንደገና መቀዳት ጀመረ። ያኔም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተደገመም፤ ሌላም ጠባቂ አለ ማለት ነው። በ2015 ደግሞ የጆን ዲፍሊ ቡድን በእንግሊዝ 16 የተጣሩ የእርሾ ፕሮቲን ክፍሎችን ብቻ በአንድ ቱቦ ውስጥ ቀላቅለው፣ ያለ ሕያው ሕዋስ፣ ቁጥጥሩን የጠበቀ የዲኤንኤ መቅዳትን አስጀመሩ። አንድን ማሽን አውቀነዋል የሚባለው ፈታትቶ መልሶ መግጠም ሲቻል ነው፤ ይህ ያን ያህል ነው።

ስለ ጠባቂዎቹ አንድ ታሪክ እንጨምር፤ የእኛ የአዘጋጆቹ ተወዳጅ ታሪክ ነው። በ1988 ቴድ ዋይነርትና ሃርትዌል እርሾን በኤክስሬይ መቱት። ጤነኛው እርሾ ዲኤንኤው ሲሰበር ዑደቱን አቁሞ ይጠግናል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ራድ-9 የተባለ ጂን የጎደለው ግን ሳይቆም ይከፈላልና ይሞታል። ታዲያ መጠገን ስለማይችል ነው? ይህን ለመለየት ራድ-9 የጎደለውን እርሾ በመድኃኒት በግድ አቆሙት። ጠግኖ ዳነ። መጠገኛው አልጎደለውም ነበር፤ የጎደለው «ቆይ» የሚለው ድምፅ ነው። ዛሬ በካንሰር ትምህርት «ቼክፖይንት» የምንለው ከዚህ የመጣ ነው።

ይህ ሁሉ ለታማሚ ሰው ምን ይጠቅማል? በ2011 ሜየር-ጎርሊን የተባለ በሽታ ያለባቸው ልጆች ሲመረመሩ፣ ብዙዎቹ ላይ የተበላሹት ከላይ የጠቀስናቸው የጠረጴዛውና የረዳቶቹ ጂኖች ሆነው ተገኙ፦ ኦአርሲ፣ ሲዲሲ-6፣ ሲዲቲ-1። ልጆቹ ቁመታቸው በጣም አጭር፣ ጆሯቸው ትንሽ፣ የጉልበታቸው ሎሚ የሌለ ወይም ያነሰ ነው። በ2015 በአሜሪካ ለጡት ካንሰር የተፈቀደው ፓልቦሲክሊብ ደግሞ የሚሠራው የሲዲኬ ዘመዶችን በመያዝ ነው። የሕክምና ተማሪዎች ለሲክል ሴል በሽታ የምታውቁት ሃይድሮክሲዩሪያም በእርሾ ላብራቶሪ የዘወትር ዕቃ ነው፤ የዲኤንኤ ፊደላት የሚሠሩበትን መንገድ ስለሚዘጋ ቀጂው መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ተመራማሪውም ጠባቂዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ያያል።

እርሾ ሁሉን ነገር አይነግረንም። በእርሱ መነሻ ቦታዎቹ የታወቀ የፊደል ምልክት አላቸው፤ በሰው ግን እንዲህ ያለ ቋሚ ምልክት የለም። ሰው ደግሞ እርሾ የሌለው ተጨማሪ መቆለፊያ አለው፤ ጄሚኒን የሚባል፣ ሲዲቲ-1ን ጨብጦ የሚይዝ ፕሮቲን። ለፈተና «ጂ1፣ ኤስ፣ ጂ2፣ ኤም» ብሎ መሸምደድ በቂ የሚመስለን ብዙዎች ነን። በ«ጂ1» ውስጥ ቀለበት እየታደለ፣ በ«ኤስ» ውስጥ እየተቀደደ መሆኑን ካወቅን በኋላ ግን አራቱ ፊደላት ሌላ ነገር ሆነውብናል።

ራሳችሁ ማየት ለምትፈልጉ፦ ከሱቅ ደረቅ የዳቦ እርሾ ግዙ። (የእንጀራ እርሾ ለዚህ አይሆንም፤ ባክቴሪያም ስለተቀላቀለበት ዓይን ያደናግራል።) አንድ ቁንጥር በለብ ያለ ውኃ ከትንሽ ስኳርና ከትንሽ ዱቄት ጋር በጥብጡ። ወዲያው አንድ ጠብታ በስላይድ ላይ አድርጋችሁ በ400 እጥፍ ማጉያ እዩ። ክብ ክብ ሆነው የሚታዩት ናቸው፤ ትልልቅና ቅርጽ የለሽ የሆነው ዱቄቱ ነው፣ አትቁጠሩት። መቶ ሕዋስ ቁጠሩና በሦስት ከፍላችሁ መዝግቡ፦ እምቡጥ የሌለው፣ ትንሽ እምቡጥ ያለው፣ ትልቅ እምቡጥ ያለው። መጀመሪያ አብዛኛው ባዶ ነው። ከሁለት፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ድጋሚ ቁጠሩ። ሜቲሊን ብሉ ቀለም ካላችሁ አንድ ጠብታ ጨምሩ፤ የሞተው ሰማያዊ ይሆናል፣ ሕያው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ትንሽ እምቡጥ ያለውን ስታዩ፣ በዚያች ሰዓት ውስጡ 400 መነሻዎች አንድ በአንድ ኩፖናቸውን እየቀደዱ ነው። ቁጥራችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጁሙዓ ከሰላት በኋላ አምጡልን፤ በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ አንድ ላይ አድርገን እናወጣዋለን።